ፓፕ ስሚሬ አብኖርማል ነው ተብዬ ለኮልፖስኮፒ ተቀጠርኩ፣ ያለፈችበት አለች?

የሁለት እናት፣ ሜሪላንድ፦

ሰላም እህቶቼ። እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። 38 ዓመቴ ነው፣ ለቼክአፕ ሄጄ ፓፕ ስሚር (የማህፀን በር ሴል ምርመራ) ከነ ኤች ፒ ቪው (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ምርመራ) ተሠራልኝ፣ ከዛ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን ስከፍት ሐኪሟ ሳትደውልልኝ ውጤቱ ማይቻርት ላይ (የክሊኒኩ ውጤት የሚታይበት አፕ) መጥቶ ቁጭ ብሏል። ሃይ ሪስክ ኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ ይላል፣ 16 እና 18 የሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ኔጋቲቭ ናቸው፣ «ሌሎች» የሚለው ነው ፖዘቲቭ የሆነው። ፓፑ ደግሞ አስከስ ይላል። በነጋታው ከክሊኒኩ ተደውሎ ኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን በማጉያ ማየት) ያስፈልግሻል ተብዬ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ ደዋይዋ በጣም ፈጥና ስለምታወራ እኔም ደንግጬ እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ጥያቄዬ ዝብርቅርቅ ያለ ነው አትፍረዱብኝ። ካንሰር አለብኝ ማለት ነው? ኮልፖስኮፒው ያማል? ከዛ በኋላ ሥራ መግባት ይቻላል? ደግሞ በግንኙነት ነው የሚመጣው ይላል፣ እኔ ከባለቤቴ ውጪ ማንንም አላውቅም፣ ታዲያ እሱን ምን ብዬ ልጠይቀው? ሌላ ያልገባኝ ነገር፣ እህቴ አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ሄዳ የማህፀን በር ምርመራ ስታደርግ ፖዘቲቭ ነሽ ብለው በዛው ቀን እዛው አክመው ነው የላኳት። እኔን እዚህ ሁሉ ነገር ሞልቶ በተረፈበት አገር ዛሬ ናሙና ነገ ቀጠሮ እያሉ የሚያመላልሱኝ ለምንድነው? እሷ ራሷ በስልክ ስቃብኛለች።

ዳላሷ፦

አይዞሽ የኔ እናት እኔም አልፌበታለሁ። ለፓፕ እንደተኛሽው ነው የምትተኚው፣ ያቺኑ ስፔኩለም (መክፈቻ ዕቃዋን) ያስገባሉ፣ ኮልፖስኮፑ ራሱ ግን ሰውነትሽ ውስጥ አይገባም፣ ውጪ በእግር ላይ የቆመ ማጉያ መነጽር በሉት፣ ሐኪሟ በሱ አሻግራ ታያለች። ከዛ በጥጥ ኮምጣጤ የመሰለ ነገር ትቀባሻለች፣ ይቀዘቅዛል ትንሽ ይቆጠቁጣል። አንዳንዷ ደግሞ አዮዲን ትጨምራለች፣ ጤነኛው ቦታ ቡናማ ሲሆን አጠራጣሪው ቀለሙን አይቀበልም አሉኝ። እኔ ስክሪን ነበረ ማየት ትፈልጊያለሽ ስትለኝ አልፈልግም አልኳት፣ ጣሪያውን ሳይ ነው የጨረስኩት ሃሃ።

ባዮፕሲው (ናሙና መቁረጡ) ላይ «አሁን ሳል አድርጊ» አለችኝ፣ ስስል ቆንጠጥ አደረገችኝ አለቀ። ሁለት ቦታ ነው የወሰደችው፣ እያንዳንዷ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። እኔን ያመመኝ ባዮፕሲው አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ከውስጥ ከማህፀን በሩ ቦይ የሚፋቀው ነገር ነው፣ እሱ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ጭምድድ ያደርጋል ግን ወዲያው ይለቃል። ቀድመሽ አይቡፕሮፌን ዋጪ፣ ሞዴስ ያዢ። እና ይሄን ማንም ስላልነገረኝ ልንገርሽ፣ ደሙን ለማቆም የሚቀቡት ነገር ስላለ በኋላ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ይወርዳል፣ እኔ ሽንት ቤት ሆኜ ልጮህ ነበር። ሥራ በነጋታው ገብቻለሁ። ውጤቴ ሲን 1 ነበር (የሴሉ ለውጥ ደረጃ ከ1 እስከ 3 ነው፣ 1 ቀላሉ)፣ ምንም አላደረጉኝም፣ በዓመቱ ነይ አሉኝ ሄድኩ ጠፍቷል።

ተፈጥሮ ይበልጣል፦

እነዚህ ፈረንጆች ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። ነጭ ሽንኩርት ልጠሽ ማታ ማታ ውስጥ አስገቢ፣ የአፕል ኮምጣጤውንም ቤትሽ በጥጥ ብትቀቢው ያው ነው፣ ብዙ ሰው ድኗል።

ሲስተር፣ ቨርጂኒያ፦

ወንድሜም ሁን እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው። እዛ ስስ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ያቃጥላል፣ ያቆስላል፣ ተቃጥላ የመጣችን ሰው ክሊኒክ ውስጥ አይቻለሁ። ኮምጣጤውም ሐኪም ቤት የሚቀባው መድኃኒት ሆኖ አይደለም፣ የተቀየረውን ሴል ነጭ አድርጎ ለማሳየት ብቻ ነው፣ ማጉያ መነጽርና የሚያይ ዓይን ከሌለ ምን ያደርጋል።

ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። እኔ የሴቶች ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ የኮልፖስኮፒ ቀን ሐኪሟ አጠገብ ቆሜ ዕቃ የማቀብለው እኔ ነኝ። ፓፕ ማለት ከማህፀን በርሽ ላይ በብሩሽ ተጠርጎ የመጣ ሴል ነው። ሥር ያለው ሥጋ ምን ያህል ድረስ እንደተቀየረ በሱ አይታወቅም፣ ያን የሚናገረው ባዮፕሲ ነው፣ ባዮፕሲው ከየትኛው ቦታ ይወሰድ የሚለውን አይቶ ለመምረጥ ደግሞ ኮልፖስኮፒ ይሠራል። ስለዚህ አሁን እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ማን ቀረብ ተብላ ትታይ ነው የሚለው እንጂ ይሄ በሽታ አለብሽ አላለም። አስከስ ማለት ሴሉ ትንሽ ወጣ ያለ መልክ አለው ግን ምን እንደሆነ አለየም ማለት ነው፣ ከአብኖርማሎቹ ሁሉ ለዘብተኛው እሱ ነው። ከሱ በላይ ሎው ግሬድ አለ፣ ከዛ አስክ ኤች፣ ከዛ ሃይ ግሬድ። ግላንዱላር የሚባል ደግሞ ለየት ያለ አለ፣ እሱ ሲመጣ ቦዩ ውስጥም ይፋቃል፣ 35 እና ከዛ በላይ ከሆነች ከማህፀን ግድግዳም ናሙና ይወሰዳል።

አሁን እዚህ አገር ከ2019 ወዲህ ባለው መመሪያ የዛሬውን ውጤት ብቻውን አያዩትም፣ ካለፉት ውጤቶችሽ ጋር ደምረው ሲን 3 ወይም ከዛ የባሰ የመገኘት ዕድልሽ ስንት ነው ብለው ያሰላሉ። 4 ፐርሰንት እና ከዛ በላይ ከሆነ ኮልፖስኮፒ ይላሉ፣ ካነሰ እንደ መጠኑ ዓመት ወይም ከዛ በላይ ጠብቀሽ ድገሚ ነው። የድሮ ውጤት የሌላት ሴት አስከስ ከኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ ጋር ሲመጣባት 4ቷን በትንሹ አልፋ ነው የምትገኘው። ገልብጠሽ አንብቢው እንግዲህ፣ እንዳንቺ ያለ ውጤት ካላቸው 100 ሴቶች 95ቱ ያ ነገር የለባቸውም። እና ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሌላ ክሊኒክ ኤች ፒ ቪ ኔጋቲቭ ተብለሽ ከነበረ ወረቀቱን ፈልገሽ ስጪያቸው፣ ኮልፖስኮፒውን ትተው ዓመት ጠብቂ ሊሉሽ ይችላሉ። ክሊኒክ የምንቀያይር ሰዎች ይሄን ወረቀት ይዘን ስለማንዞር ነው ብዙ ጊዜ ከዜሮ የሚጀምሩብን።

16 ወይም 18 ቢሆን ኖሮ ፓፑ ንጹህ ቢሆን እንኳን ኮልፖስኮፒ አይቀርም ነበር፣ ከማህፀን በር ካንሰር 70 ፐርሰንት ገደማ የሚመጣው ከሁለቱ ነው። ሃይ ግሬድ ሆኖ 16 ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ፣ 25 ዓመት የሞላትና ያላረገዘች ከሆነች፣ ባዮፕሲ ሳይጠብቁ በቀጥታ ሊፕ (የተቀየረውን ቦታ በጋለ ሽቦ ቆርጦ ማውጣት) እንሥራልሽ ይላሉ። ስለዚህ እህትሽ ጋ ያየሽው «አይቶ ማከም» እዚህም የለም አይባልም፣ አደጋው ከፍ ላለ ሰው ይደረጋል። በተቃራኒው የ21 ወይም የ24 ዓመት ልጅ ባንቺ ውጤት ብትመጣ ኮልፖስኮፒ አይሠሩላትም፣ በዓመቱ ፓፑን ይደግሙላታል፣ በዛ ዕድሜ ቫይረሱ በአብዛኛው ራሱ ይሄዳል።

ናሙና ሲወስዱ ከአንድ ቦታ ብቻ ወስደው ሲያበቁ እኔ ደስ አይለኝም፣ ነጭ የሆነ ቦታ ካለ ከሁለት እስከ አራት ቢወሰድ የሚያመልጥ ነገር ይቀንሳል። መጠየቅ ነውር የለውም። የደም ማቅጠኛ ከወሰድሽ፣ ወይ ካረገዝሽ፣ ቀድመሽ ተናገሪ፤ እርጉዝ ሴት ላይ ቦዩ አይፋቅም። እና ይሄን በአማርኛ ስለምንነጋገር ልበለው፣ ተገርዛችሁ ተሰፍታችሁ የነበራችሁ ወይም ጠባሳ ያላችሁ ስፔኩለሙ ሊያማችሁ ይችላል፣ አልጋ ላይ ወጥታችሁ ጥርስ ከመንከስ ገና ልብስ ሳትቀይሩ ንገሯቸው፣ ትንሹ መጠን አለ፣ ማደንዘዣ ጄልም አለ። አማርኛ አስተርጓሚም በስልክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ አታስተርጉሙ በእናታችሁ።

አዋላጇ፣ አዲስ አበባ፦

የእህትሽን ነገር እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ። እኛ ጋ የሚሠራው ቪ አይ ኤ (ቀብቶ በዓይን ማየት) ነው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑት፣ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ደግሞ ከዛ ቀደም ብሎ። ከ3 እስከ 5 ፐርሰንት የሆነ አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤው አሲድ) እንቀባለን፣ አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ድንበሩ ጥርት ያለ ነጭ ካየን ፖዘቲቭ ነው። ላብራቶሪ የለም ቀጠሮ የለም። ከዛ ነጩ ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነ፣ ወደ ቦዩ ካልገባ፣ ከማህፀን በሩ ሦስት አራተኛውን ካልሸፈነ፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ከሌለው እዛው በክራዮ እናቀዘቅዘዋለን ወይም በቴርማል እናቃጥለዋለን። ካለፈ ወደ ሆስፒታል ለሊፕ እንልካለን። ነክተሽው የሚደማ፣ የተቦረቦረ፣ ያበጠ ነገር ካየን ግን አናቃጥልም፣ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ሳይታይ ምንም አይነካም።

አንቺን ያመላለሱበት እሷን ያላመላለሱበት ምክንያት ቀላል ነው። ባዮፕሲ ተወስዶ ፓቶሎጂስት እስኪያየው ድረስ ገጠር ያለች እናት ሂጂና ውጤት ሲደርስ ነይ ብትባል የማትመለሰው ትበዛለች። ትራንስፖርት አለ፣ ከብት አለ፣ ባል አለ። ስለዚህ መጣች ታየች ታከመች ሄደች ይሻላል ተብሎ ነው። ጉዳት የለውም አልልም፣ ነጭ የሚሆነው ሁሉ ቅድመ ካንሰር አይደለም፣ ኢንፌክሽንም ነጭ ያደርጋል፣ ሳያስፈልጋት የምትታከም አለች፣ ሲን 1 ይሁን ሲን 3 ደግሞ ወረቀት ላይ አይገኝም። እኔ ግን ሁለቱንም መንገድ አይቼ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ሆስፒታል ስሠራ ደም እየፈሰሳቸው መጥተው ወደ ጥቁር አንበሳ የጨረር ወረፋ የላክናቸው እናቶች ብዙዎቹ አንድም ቀን ታይተው የማያውቁ ናቸው። አገራችን ውስጥ ሴት ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ይሄው ነው እኮ።

እህትሽን ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ለሳምንታት ሊወርዳት ይችላል በያት፣ አትደንግጥ። አራት ሳምንት ግንኙነት አታድርግ፣ ትኩሳት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ትመለስ። በዓመቱ ደግሞ የግድ ትታይ፣ ታከምኩ ብላ እንዳትቀር። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ቪ አይ ኤ ለሳቸው ብዙም አይሠራም፣ ካረጡ በኋላ የምናየው ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለሳቸው ፓፕ ወይም የኤች ፒ ቪ ምርመራ ነው የሚሆነው።

ከለንደን፦

እኔ ደግሞ ኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ ሴሉ ኖርማል ተብዬ 12 ወር ጠብቂ ብቻ ነው የተባልኩት። እዚህ መጀመሪያ የሚያዩት ኤች ፒ ቪውን ነው፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ብቻ ያንኑ ናሙና ሴሉን ያዩታል፣ ሴሉ ትንሽም ከተቀየረ ወደ ኮልፖስኮፒ፣ ካልተቀየረ በዓመት በዓመት፣ ሦስተኛውም ፖዘቲቭ ከመጣ ያኔም ኮልፖስኮፒ። ዓመት ሙሉ መጠበቁ ራሱ ሰው ይገላል ግን ሲስተር እንዳለችው አብዛኛው ይጠፋል መሰለኝ።

አባወራው፦

ይቅርታ ሴቶች መሃል ገባሁ፣ የኔም ባለቤት ይሄው ገጥሟት ቤት ውስጥ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሳ ነበር። እኔ ልመርመር ብዬ ብሄድ ለወንድ ምርመራ የለም ብለው መለሱኝ። እውነት ነው ወይስ ሸኙኝ? ክትባቱስ?

ሲስተር፣ ቨርጂኒያ፦

እውነታቸውን ነው ወንድሜ፣ ለወንድ በስክሪኒንግ ደረጃ የጸደቀ የኤች ፒ ቪ ምርመራ የለም። መጠየቅህ ግን ተመስገን ነው፣ ብዙው ወንድ አይጠይቅም። ለባለ ጥያቄዋም የምለው ይሄንኑ ነው፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ሊታይ ይችላል፣ አንቺ ከሱ ውጪ ሰው ባታውቂም እሱ ካንቺ በፊት የነበረው ሕይወት በቂ ነው። ይሄ ውጤት ማን መቼ ከማን የሚለውን አይናገርም፣ በሱ ትዳር የሚፈርስ ከሆነ በማስረጃ አይደለም የፈረሰው። ግንኙነት ጀምሮ ከሚያውቅ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፣ በአብዛኛው ደግሞ በአንድ ሁለት ዓመት ሰውነት ያጠፋዋል፣ ችግሩ ሳይጠፋ የሚቀረው ነው። ክትባቱ ያለውን አያጠፋም፣ ገና ያልያዘውን ነው የሚከላከለው። ሴት ልጅ ወንድ ልጅ ሳትሉ ከ11 ከ12 ዓመታቸው አስከትቡ። አገር ቤትም በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው፣ ሲጀመር ለ14 ዓመቶቹ ነበር።

ሊፕ የተሠራችው፦

እኔ የዛኛው ጎን ነኝ፣ ባዮፕሲዬ ሲን 3 ነው የመጣው፣ ስለዚህ ማንም ቀላል ነው ብሎ እንዲያስቀራችሁ አልፈልግም። ሐኪሜ ያለችኝ፣ ሲን 3 ሳይታከም ቢቀር በ30 ዓመት ውስጥ ከ100 ሴት 30 ያህሉን ወደ ካንሰር ይወስዳል፣ ይሄ የታወቀው ኒውዚላንድ ውስጥ ሐኪም ሳያክማቸው በተዋቸው ሴቶች ነው፣ ስሰማው አንጀቴን ነው የበላኝ። ሊፑ ራሱ ማደንዘዣ መርፌ ሲወጉሽ ልብሽ ድው ድው ይላል፣ ከመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል፣ ከዛ በኤሌክትሪክ በጋለች የሽቦ ቀለበት ይቆርጡታል፣ የተቃጠለ ሥጋ ይሸታል፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ራሴ ነድቼ ባልመለስም ቡና አፍልቼ ጠጥቻለሁ በዛው ቀን። የተቆረጠው ጠርዙ ንጹህ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ንጹህ ነበር። በስድስት ወር ኤች ፒ ቪ ታየልኝ ኔጋቲቭ፣ ግን ክትትሉ ቢያንስ 25 ዓመት ነው አሉኝ፣ እሺ ነው ያልኩት።

ልጅ ለምትፈልጉ፣ እኔ ከሊፕ በኋላ አርግዤ ወልጃለሁ። ያለቀኑ የመውለድ ነገር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል ብለው የማህፀን በሬን ርዝመት በአልትራሳውንድ ሲለኩ ነበር፣ ቀኔን ሞልቼ ነው የወለድኩት። ለሐኪም ንገሩ ብቻ፣ ያኔ የወለድኩበት ሆስፒታል እኔ እስክናገር ድረስ አያውቁም ነበር። ሲን 2 ሆኖ ገና ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ቁረጡኝ አትበሉ፣ በየስድስት ወሩ እየታየ የሚጠበቅበት መንገድ አለ፣ ብዙው ይመለሳል፣ ተነጋገሩበት።

የሁለት እናት፣ ሜሪላንድ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባለቤቴን አስነበብኩት፣ «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለኝ፣ መቼም ሆስፒታል ጠረን ሲሸተው የሚወድቀው እሱ ነው። አዋላጇ የጻፍሽውን ለእህቴ ላክሁላት፣ የዓመቱን ቀጠሮ ረስታው ነበር። ሲስተርዬ ሁለት ነገር ብቻ። ኢንሹራንሴ ፓፑን በነጻ ነው የሸፈነው፣ ይሄስ? እና የቀጠሮው ሳምንት ወር አበባዬ የሚመጣበት ነው።

ሲስተር፣ ቨርጂኒያ፦

ብሩ ላይ ተጠንቀቂ። ፓፕ መከላከያ ምርመራ ስለሆነ በነጻ ነው፣ ኮልፖስኮፒ ግን ብዙ ኢንሹራንስ ዳያግኖስቲክ (በሽታ መለያ) ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ዲዳክተብልሽ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራስሽ የምትከፍዪው) ካልሞላ ቢል ይመጣብሻል። ካርድሽ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ደውለሽ «ኮድ 57454 ስንት ይደርስብኛል» በያቸው፣ ኮልፖስኮፒ ከባዮፕሲና ከቦዩ ፍቅፋቂ ጋር ማለት ነው። ናሙናውን የሚያየው ላብራቶሪ ለብቻው ቢል ይልካል፣ ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ ብለሽ እንዳትጣዪ። ኢንሹራንስ የሌላችሁ እና ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ደግሞ ሲ ዲ ሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል) በየስቴቱ የሚደጉመው የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ፕሮግራም አለ፣ ኮልፖስኮፒውንም ይሸፍናል፣ የካውንቲያችሁ ጤና ቢሮ ደውሉ።

ወር አበባው ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ችግር የለውም ሂጂ። በደንብ የሚፈስ ከሆነ ግን ነጩ ስለማይታያቸው ደውለሽ አዛውሪ፣ ስታዛውሪ ስልኩን ሳትዘጊ አዲሱን ቀን ተቀበይ፣ እንደውልልሻለን ካሉሽ አትጠብቂ። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ታምፖንም ክሬምም ግንኙነትም ይቅር። ባለቤትሽን ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጪው፣ ቆሞ እንዳያይ።